የአስካለ እፍኝ

አስካለ፣

ከተለየሽን መንፈቅ ሆነ። የመንፈቅሽን ጸሎት ባለፈው እሑድ አደረስን፤ ቄሱም መጡ፣ ማኅበርተኞችሽም መጡ፣ በሉ፣ ጠጡ፣ ሄዱ። ቀኑ ጥርት ያለ ነበር፤ የጭላሎ ተራራ ከጠዋት እስከ ማታ ምንም ሳይሸፍነው ታየ። ለቅሶሽ ላይ ስላላለቀስኩ ያን ቀን አለቅስ እንደሆነ ሰው ዓይን ዓይኔን ሲያየኝ ዋለ። አላለቀስኩም። ወፍጮ ቤት የዋለ ሰው ጆሮው በዱቄት እንደሚደፈን፣ የሆነ ነገር ተደፍኖብኛል። አልዋሽሽም፤ ሳልዋሽሽ ነው የኖርኩት።

ቤቱ እንደነበረ ነው። የበረንዳው ቆርቆሮ ተነቅሎ ነበር፣ መታሁት። ዶሮዎችሽን ለጎረቤታችን ለፋጡማ ሰጠኋት፤ ጠዋት በሩን ስከፍት ሁሉም ቀና ብለው ከኋላዬ ሌላ ሰው ይጠብቁ ነበር፣ አልወደድኩትም። ወፍጮው ይፈጫል። ድምፁ ጥሩ ነው፤ ሰው እንዳያጽናናኝ ይከለክልልኛል።

የምጽፍልሽ ግን ስለ ኦቾሎኒው ነው።

ጉልበቴ የወፍጮ ቤቱን ደረጃ እምቢ ያለ ጊዜ ጤና ጣቢያ ጎትተሽ የወሰድሽኝ አንቺ ነሽ። ያ ልጅ እግር ሐኪም ጉልበቴን ነካ ነካ አድርጎ ሆዴን አየና፣ «አባባ፣ ጉልበትዎ አልታመመም፤ ሸክሙ ነው የበዛበት» አለኝ። ምን እንደምበላ ሲጠይቀኝ አንቺ ቀድመሽ ዘረገፍሽው። ደንበኞቼ ሁሉ ጭኮ ይዘውልኝ እንደሚመጡ፣ አራት ሰዓት ላይ ወፍጮው አጠገብ ተቀምጬ ያን በቅቤ የራሰ የገብስ ዱቄት እያገላበጥኩ እንደምበላ፣ ሻዬም ስኳር እንጂ ሻይ እንዳልሆነ ነገርሽው። ጭኮው ይቅር አለ። በምትኩ በየቀኑ ጨው የሌለው የታመሰ ኦቾሎኒ አንድ እፍኝ።

እኔ ፊደልን ከጆንያ ላይ ለቅሜ የተማርኩ ሰው ነኝ፤ ሐኪም ስላለ ብቻ አልቀበልም። ከኦቾሎኒ ዘይት ይጨመቃል፣ ዘይት ያወፍራል፣ የሚያወፍር ነገር እንዴት ያከሳል ብዬ መንገዱን ሙሉ ተከራከርኩሽ። አንቺ ሳትቆሚ እየሄድሽ፣ «ኦቾሎኒው አይደለም የሚያከሳህ፤ የጭኮውን ቦታ መያዙ ነው። እስከ ምሳ ሆድህን ይይዝልሃል፣ አፍህንም ይይዝልኛል» አልሽ።

ቀጥሎ ጠቡ የእፍኙ ሆነ። ሐኪሙ አንድ እፍኝ አለ እንጂ የማን እጅ እንደሆነ አልተናገረም። የምበላው እኔ ነኝና የእኔ እጅ ነው አልኩ። የምዘግነው እኔ ነኝና የእኔ ነው አልሽ። መዳፌን ዘርግቼ አሳየሁሽ። አየሽው፣ ገለበጥሽውና፣ «ይሄ እፍኝ አይደለም፣ ቁና ነው» አልሽ። በዚያው ተፈረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ከኦቾሎኒው ጣሳ የምትዘግኚው አንቺ፣ የምቀበለው እኔ። በጾም ሰዓቱን ትገፊው ነበር እንጂ አታስቀሪውም።

ቅዳሜ ቅዳሜ ገበያተኛው ተሰልፎ ሳለ፣ እህል በምንመዝንበት ባስኩላ ላይ ታወጪኝ ነበር። የሚዛኑን ብረት በጣትሽ ገፋ፣ መለስ እያደረግሽ። ያ ቀልደኛው የዲክሲስ ገበሬ ጆንያው ላይ ተቀምጦ፣ «ኦቦ በቀለ፣ ይሄ ሁሉ ሳይበጠር ነው? እንክርዳዱ ይውጣና ይመዘኑ እንጂ!» ይለኝ ነበር። ሰው ይስቃል። አንቺ ጥርስሽን በነጠላሽ ሸፍነሽ ትስቂያለሽ። እኔ አልስቅም። ግን እየቀነስኩ ነበር። ደረጃውን ግድግዳ ሳልይዝ መውጣት ጀመርኩ። ደረጃው ራሱ ነው ያቀለለኝ አልኩሽ፤ አልተከራከርሽኝም።

ከዚያ አንቺ ታመምሽ። በጋው ሲያልቅ ተኛሽ፤ ፋሲካ በዋለ በሳምንቱ ሄድሽ። በመጨረሻው ሰሞን እንኳ አራት ሰዓት ሲሆን ጣሳውን አስመጥተሽ ተኝተሽ ትዘግኚልኝ ነበር። እጅሽ ቀጥኖ ነበር። ስለዚያ ሰሞን ከዚህ በላይ መጻፍ አልችልም።

የለቅሶሽ ድንኳን ውስጥ ቆሎ በሰፌድ ሲዞር ኦቾሎኒ ተቀላቅሎበት ነበር። አልነካሁትም፤ አልተዘገነልኝም። ሰው ሁሉ ሲበተን ጣሳውን ከመደርደሪያው አወረድኩ። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ በእጄ እዘግንና፣ የአንቺ እጅ ልክ እስኪሆን ድረስ ፍሬ በፍሬ ወደ ጣሳው እመልሳለሁ። የአሰላን ሰው እህል ሁሉ የመዘንኩ ሰው፣ የአንቺን እፍኝ አንድም ቀን አልመዘንኩትም፤ በዓይን ብቻ ነው የማውቀው። እንዳላጭበረብርሽ ብዬ ወደ ማነሱ አደላለሁ።

ሌላ ምግብ ከጎረቤት ይቀርብልኛል፤ ይቀዘቅዝና ይነሳል። ኦቾሎኒውን ግን ትእዛዝ ስለሆነ እበላለሁ። ቀበቶዬን በምስማር በሳሁት፣ ደግሞ በሳሁት። ያን ያህል የደከምሽበት ነገር ማንም ሳያዘው በራሱ መጣ፣ አንቺ ካሰብሽውም አልፎ ወረደ።

ልጃችን ሙሉ ለመንፈቅሽ ከአዳማ መጥታ አየችኝ። ክንዴን ይዛ ባስኩላው ላይ አወጣችኝ፤ ይህንን ከአንቺ ነው የወረሰችው። የዲክሲሱ ገበሬ እዚያው ነበር። አልቀለደም። ጎንበስ ብሎ የጆንያውን አፍ አሰረ፣ ፈታ፣ እንደገና አሰረ።

ጤና ጣቢያ ወሰደችኝ። መረመሩኝ፣ በሽታ አላገኙም። መብላት ነው ያለብዎት አሉኝ፤ ወጡንም እንጀራውንም፣ ኦቾሎኒውንም እጥፍ ያድርጉት አሉ። እኔ የተባልኩት አንድ እፍኝ ነው አልኩ። ሙሉ፣ «አባዬ፣ ያኔ እንዲቀንሱ ነበር፤ አሁን እንዲጨምሩ ነው» አለችኝ። የታዘዘ ታዟል አልኳት። እሷም የእኔው ልጅ ናት፤ ልትሳፈር ስትል በሩ ላይ ቆማ፣ «ለገና እመጣለሁ። እንዲህ ሆነው ከጠበቁኝ ወፍጮውን ዘግቼ አዳማ ነው ይዤዎት የምሄደው» ብላ ሄደች። እንደምታደርገው አውቃለሁ።

ከወፍጮ ቤቱ በር ላይ ሆኜ የቤተ ክርስቲያኑ ባሕር ዛፍ ይታየኛል። አንቺ ከሥሩ ነሽ። ከአዳማ አይታይም። እንደዚያም ሆኖ አንዲት ፍሬ አልጨመርኩም።

ማክሰኞ ፋጡማ ከገበያ ስትመለስ፣ አብራችሁ ትገዙበት ከነበረው ሰውዬ ኦቾሎኒ ይዛልኝ መጣች። አራት ሰዓት ነበር። ጣሳውን ጭኔ ላይ አድርጌ ፍሬውን ስመልስ ቆማ አየችኝ። «ምን እየሠሩ ነው ኦቦ በቀለ? ነቀዝ ይለቅማሉ እንዴ?» አለች። የአስካለን ልክ እያወጣሁ ነው አልኳት።

መጀመሪያ ሳቀች። ቀጥላ በሻሿ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች። ከዚያ ተቆጣችኝ። «የምን ልክ? ወላሂ፣ አስካለ ልክ አልነበራትም! ከፍቶዎት ካየች እፍኟ ይሰፋል፣ ደስ ብሎዎት ከዋሉ ይጠባል። ክብደቱ አይመለስበትም ወይ ስላት፣ ከወጡ ዘይት እቀንስበታለሁ፣ እሱ አያውቅም ብላኝ ስቃለች።»

ታዲያ ስንት ነበር የምትዘግነው አልኳት።

«ፊትዎን እያየች ነበራ የምትዘግነው!» አለችኝና ኦቾሎኒውን አስቀምጣ ወጣች።

እዚያው ቀረሁ። የተቆጣሁ ይመስለኛል። በእኔ ወፍጮ ቤት ሚዛን የሰው ፊት አይቶ ሰጥቶ አያውቅም፤ ድሃም ይምጣ ሹም ይምጣ። በገዛ ቤቴ ግን ስንት ዘመን ፊቴ እየታየ ተሰፈረልኝ። ከዚያ ወንድሜን ቀብሬ የተመለስኩበት ጊዜ ትዝ አለኝ። ያን ዕለት የዘገንሽልኝ ከመዳፌ ተርፎ ጭኔ ላይ ፈሶ ነበር። ለቃቅሜ በላሁት እንጂ ለምን ተረፈ አላልኩም። ቅዳሜ ባስኩላው አልጨመረም። ወጡ ደርቆ ነበር ማለት ነው። ስበላው ደረቅ ነው ብዬሽም ነበር፤ ሽንኩርቱ ነው አልሽኝ።

በማግሥቱ ጣሳውን ከመደርደሪያው አንስቼ ጢሜን ከምላጭበት መስታወት ሥር አስቀመጥኩት። አራት ሰዓት ሲሆን ቆሜ ፊቴን አየሁ። ጉንጩ ገብቷል። እስካሁን እላጨው ነበር እንጂ አላየሁትም። አስካለ ይህንን ፊት ብታየው ምን ያህል ትዘግን ነበር አልኩ። ሁለት እጄን አስገብቼ ዘገንኩ። አልመለስኩም። ጣዕሙ አልተሰማኝም፤ ቢሆንም አንቺ እንደምትዪኝ አንድ አንድ እያልኩ አኝኬ ጨረስኩት። ምሳም ቀረበ፣ ከግማሽ በላይ በላሁ።

ዛሬ ቅዳሜ ነው። ባስኩላው ላይ ወጣሁ፣ ብረቱን ራሴ ገፋሁት። ትንሽ ነው፤ ግን ወደ ላይ ነው። የዲክሲሱ ገበሬ አየኝ፣ ፈራ ተባ አለና፣ «ኦቦ በቀለ፣ ይሄ እህል ለወፍጮ ነው ወይስ ለዘር?» አለኝ። አልሳቅኩም። ለዘር ነው አልኩት።

ሙሉ ለገና ትመጣለች። እኔ አልከራከራትም፤ ባስኩላው ይናገራል። ከዚህ በር ላይ የሚያነሳኝ የለም። ቃል መግባት እንደማልወድ ታውቂያለሽ፤ ይህን አንዱን ግን ያዢልኝ። በሕይወት እስካለሁ በየቀኑ መስታወቱ ፊት እቆማለሁ፣ በጾምም ሰዓቱን ገፍቼ። ከመዝገኔ በፊት ያንቺን ያህል ጊዜ ወስጄ ፊቴን አየዋለሁ። ከመዳፌ የተረፈውን የአንቺ ነው ብዬ እለቅመዋለሁ።

ባልሽ በቀለ
አሰላ፣ ከወፍጮ ቤቱ