ጆንያ የለበሰው የጀልባ ሞተር

ግንቦት 24 ቀን 1962 ዓ.ም.

ለክቡር ቀኛዝማች ወልደሰማያት ዘርጋው
የቦዬ ጀልባ መዝናኛ ማኅበር ሊቀ መንበር
ጅማ

ክቡር ሆይ፤

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎን እጠይቃለሁ። በተለይ ሳንባዎ እንደምን እንደ ሰነበተ ለማወቅ እጓጓለሁ፤ ባለፈው ሚያዝያ በጀልባው ላይኛው ወለል፥ ከሸራው ጥላ ሥር፥ ነፋስ በሚመላለስበት ቦታ ተቀምጠው ስለ ነበር ደኅና እንደሚሆን አልጠራጠርም። እኔ አልሐምዱ ሊላህ ደኅና ነኝ። የጀልባው አስተናጋጅ የነበረችው ብርሃንነሽ ግን ደኅና አይደለችም፤ ይህን ደብዳቤ በእጄ አምስት ጊዜ ገልብጬ በገበያው በር፥ በሁለት ሻይ ቤቶች፥ በመስጊዱ አጥርና በቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር አጠገብ እንድለጥፍ ያደረገኝም የእርሷ ነገር ነው።

ለማያውቀኝ አንባቢ፥ ኑሪ አባ ዲጋ እባላለሁ፤ የሰቶ ሰመሮ ነዋሪ ነኝ። በየቡ ከተማ በቡና መቀሸሪያ ሞተር አጠገብ ሠላሳ ዓመት ኖሬአለሁ፤ ፊደልንም ሞተርንም ያለ አስተማሪ ተማርሁ። ከሦስት ዓመት በፊት ክቡርነትዎ ቤቴ ድረስ መጥተው፥ ባለቤቴ ሀዋ ያቀረበችውን ማር ቀምሰው፥ ለጀልባው አምፖሎች፥ ለሸክላ ማጫወቻውና ለማቀዝቀዣው ኤሌክትሪክ የሚሰጠውን የናፍጣ ሞተር ከነዲናሞው አደራ ሰጡኝ። በሞተሩ ነገር የእኔ ቃል የመጨረሻ እንደሚሆንም ቃል ገቡልኝ። እኔም አመንሁ። በዚህ ሞኝነቴ ማንንም አልከስም። ቅሬታዬን ግን በተራ አቀርባለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ቀለሙ። ከአዲስ አበባ ታላቅ እንግዳ ይመጣሉ በተባለ ጊዜ ማኅበሩ ያገኘውን ሁሉ ቀባ። የመንገዱ ድንጋይ ኖራ ተቀባ፤ የዛፉ ግንድ ኖራ ተቀባ፤ ሞተሩም አረንጓዴ ተቀባ። የአየር ማስገቢያው ወንፊት ሳይቀር ተቀብቶ ቀዳዳው ስለ ተደፈነ፥ ሁለት ቀን ሙሉ በመርፌ ስከፍት ዋልሁ። ቀለሙ እጅግ ያማረ ነበርና አመሰግናለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጆንያው። የሞተሩ ድምፅ የእንግዳውን ጨዋታ እንዳያውክ ተብሎ፥ ኮሚቴው ከቡና ነጋዴው ከአቶ ጅብሪል መጋዘን አሥራ ሁለት አዲስ ጆንያ አስመጥቶ ሞተሩን እንደ አራስ ልጅ ጠቀለለው፤ በላዩም የሣንቃ ሣጥን አስገጠመበት። በእኛ አገር ለሁሉ ነገር መድኃኒቱ ጆንያ ነው። ጣራ ሲያፈስ ጆንያ፥ መኪና ጭቃ ሲይዘው ጆንያ፥ የበቅሎ ጀርባ ሲላጥ ጆንያ። እኔም በጆንያ ላይ ተኝቼ ያደግሁ ሰው ነኝና አልንቀውም። ነገር ግን ያ ሞተር የሚበርደው በአየር ነው። ሲታፈን ይግላል፤ ሲግል ናፍጣውን በቅጡ አያቃጥልም፤ ጥቁር ጭስ ይተፋል። ይህን ለኮሚቴው ባስረዳ፥ አንዱ አባል ለአንድ ቀን ብቻ ቢታፈን ምን ይሆናል ሲል ጠየቀኝ። እርሱን ለአንድ ደቂቃ ብቻ አፍኜ ላሳየው እንደምችል ነገርሁት። ሁሉም ሣቁ፤ ጆንያውም በቦታው ቀረ።

ሦስተኛ፤ ስለ ማርሚታው። ጭሱን ከሞተሩ ተቀብሎ ከጀልባው ውጭ የሚያወጣው ቧንቧ ከመጋጠሚያው ላይ ተሰንጥቆ ነበር። መጋቢት 3፥ መጋቢት 17 እና ሚያዝያ 20 ቀን በጽሑፍ አመለከትሁ። ብየዳው በብረት ሠሪው በፍስሐ ዘንድ የግማሽ ቀን ሥራ ነበር። ክቡርነትዎ ከእንግዳው በኋላ ይደረስበታል አሉኝ። ከእንግዳው በኋላ የተደረሰበትን ሁላችንም አየን።

አራተኛ፤ ስለ ሚያዝያ 25 እሑድ። ልብሴን ዘይት ነክቶት ስለ ነበር እንግዳው እንዳያዩኝ ከጀልባው ወርጄ በዳርቻው እንድቆይ ታዘዝሁ። ሞተሩን የክቡርነትዎ ሹፌር አስነሣው። እናንተ ላይ ነበራችሁ። ብርሃንነሽ ከታች፥ ከሞተሩ በአንድ ስስ ሣንቃ በተለየችው ክፍል ውስጥ መጠጥ ትቀዳ ነበር፤ ድምፅ እንዳይወጣም መስኮቶቹ ሁሉ ተዘግተው ነበር። ጀልባው ከውኃው መካከል ሲደርስ በሣጥኑ ስንጥቆች የሚወጣው ጭስ እየጠቆረ ሲሄድ አየሁ። ጋቢዬን አውልቄ አውለበለብሁ። እንግዳው በክብር የምቀበላቸው መስሏቸው እጃቸውን አነሡልኝ። ክቡርነትዎም አነሡልኝ። ጮኽሁ፤ ሸክላው ይዘፍን ነበርና የሰማኝ የለም። ጥቂት ቆይቶ የዘፋኙ ድምፅ እየወፈረ፥ እየተጎተተ ሄዶ ቆመ፤ አምፖሎቹም ጠፉ። ሞተር መኖሩን የሚያስታውስ ሰው የተገኘው ያን ጊዜ ነው። ብርሃንነሽ ከማቀዝቀዣው ሥር፥ ብርጭቆ በእጇ እንደ ያዘች ተዘርራ ተገኘች። ቀዛፊዎቹ ጀልባውን ወደ ዳርቻ ከመለሱት በኋላ እኔና ሁለት ዓሣ አጥማጆች ተሸክመን መኪና እስኪገኝ ድረስ በእግር ወሰድናት። የማኅበሩ መኪና እንግዳውን ለምሳ ይዞ ሄዶ ነበር።

አምስተኛ፤ ስለ ስብሰባው። ሐኪሙ በወረቀት ላይ የጭስ መመረዝ ብሎ ጻፈ። ኮሚቴው ግን ግንቦት 15 ቀን ተሰብስቦ፥ ብርጭቆ በእጇ ስለ ተገኘ ሴትዮዋ ሰክራ ወድቃለች ሲል ወሰነና ከሥራ አሰናበታት። በዚያ ብርጭቆ ውስጥ የነበረው ለክቡርነትዎ የተቀዳው የሎሚ ውኃ ነው። ልመሰክር በተነሣሁ ጊዜ ክቡርነትዎ ቀድመው ተነሡና፥ «ኑሪ ስለ ሞተሩ አንድም ቀን ጉድለት ነግሮኝ አያውቅም» አሉ። ይህን ሲናገሩ እኔን አላዩም፤ መስኮቱን ነበር የሚያዩት። ስብሰባውም ስላስረዱት አመሰገነዎት።

በሦስቱ ማመልከቻዎቼ ቅጂ ላይ ግን የማኅበሩ የገቢ ማኅተምና ከበታቹ የክቡርነትዎ ፊርማ አለ። ፊርማዎ ያማረ ነው። ቅጂዎቹን ከዚህ ደብዳቤ አጠገብ ስለ ለጠፍሁ፥ ሕዝቡ ቆሞ እያደነቀው ነው።

ሞተር በከዳኝ ቁጥር ፈትቼ ምክንያቱን አገኛለሁ። ወይ ዘይቱ አልቋል፥ ወይ ማዞሪያ ቀበቶው ቺንጋው ላልቷል፥ ወይ ማጣሪያው ቆሽሿል። ስለ ክቡርነትዎ ግን ዘጠኝ ቀን አስቤ ምንም ብልሽት አላገኘሁም። ጤነኛ ሆነው፥ እያወቁ ነው የዋሹት። በቤቴ ማር የቀመሰ ሰው እንዲህ ያደርጋል ብሎ ማሰብ አልለመድሁምና፥ በስድሳ ስምንት ዓመቴ ይህን ስላስተማሩኝ ከልብ አመሰግናለሁ።

ብርሃንነሽ ዛሬ ሰሐን ይዛ መሄድ አትችልም፤ ራሷን አዙሮ ይጥላታል። ሥራ ፍለጋ የሄደችባቸው ሁለት ምግብ ቤቶች ስሟን ሲሰሙ መለሷት። በሐሙስ ገበያ የጀልባዋ ሰካራም ይሏታል፤ እኔንም የሰካራሟ መካኒክ ይሉኛል፤ የእኔስ ግድ የለም። ትናንት ከቤቷ ደጃፍ ተቀምጣ ያለችኝን ግን ክቡርነትዎም ይስሙት፦ «አባ ኑሪ፥ የዚያን ቀን ነገር ጨርሶ ትዝ አይለኝም። ሁሉም ጠጥታለች ካሉ፥ ምናልባት እኔ ራሴ ጠጥቼ ይሆን?» በሕይወቷ ጠላ እንኳ ቀምሳ የማታውቅ ሴት ናት። ጭሱ ትዝታዋን ወሰደ፤ የእናንተ ውሳኔ ደግሞ ራሷን ማመንን ወሰደባት።

አሁን ማኅበሩ የፊታችን እሑድ ግንቦት 30 ቀን ሌላ ሽርሽር እንዳሰናዳ ሰማሁ። ማርሚታው አልተበየደም፤ ጆንያውም አልተነሣም። በታችኛው ክፍል የምትሠራ ሌላ ሴት እንደ ተቀጠረችም ሰምቻለሁ። ስለዚህ ሁለት ነገር ብቻ እለምናለሁ። ብርሃንነሽ እንዳልጠጣች በማኅበሩ ማኅተም ተጽፎ እኔ ከለጠፍሁባቸው አምስት ቦታዎች ይለጠፍ፤ ማርሚታው ሳይበየድና ጆንያው ሳይነሣም ሞተሩ አይነሣ። ለራሴ ምንም አልጠይቅም። ከስብሰባው ወዲህ ወደ ተውሁት ሥራዬ ልመለስ ብዬም አልለምንም፤ ብትጠሩኝም አልመጣም።

የክቡርነትዎን ዕድሜ ያርዝምልን፤ የፈረሙትን ሁሉ እስኪያስታውሱ ድረስ።

አደራዎን እስከ መጨረሻ የጠበቀው፥ በስብሰባ ፊት ግን ምንም እንዳልተናገረ የተመሰከረለት

ኑሪ አባ ዲጋ
(ፊርማ)

ማሳሰቢያ፤ ሞተሩን በእጅ የሚያስነሣውን ብረት ዛሬ ጠዋት ፈትቼ ለፖሊስ ጣቢያ በደረሰኝ አስረክቤአለሁ፤ ሰረቀ እንዳልባል ነው። ማርሚታው ሳይበየድ ብረቱን የሚወስድ ሰው፥ ሞተሩ ጉድለት እንደሌለበት ስሙን ጽፎ እንዲፈርም ለአሥር አለቃው አመልክቻለሁ። ክቡርነትዎ መፈረም እንደማይከብድዎት ስለማውቅ፥ በታችኛው ክፍል ከማቀዝቀዣው አጠገብ አንድ ጥሩ ወንበር አስቀምጬልዎታለሁ። መስኮቶቹም እንደ ተዘጉ ናቸው።