የመሃሉ ችካል

ማክሰኞ፣ ኅዳር 9

ለልጄ አባት፣ እንጨት ሲልግ ለሚያፏጨው፤

ጤናህ እንዴት ነው? ወገብህስ? እኛ ደህና ነን። ልጅህም ደህና ናት፤ ምላሷ ብቻ እንደ አንተ እየሆነ መጥቷል። የጻፍኩልህ ናፍቀኸኝ እንዳይመስልህ፣ ጉዳይ ስላለኝ ነው። ስልክማ ነበረ፤ ግን በስልክ «እሺ፣ እሺ» ትልና ትዘጋለህ። ወረቀት ግን አይዘጋም፤ ቁጭ ብለህ ታነበዋለህ።

ጉዳዩ ያ መሬታችን ነው። አዎ፣ አንተ «እንሽጠው» እኔ «ሞቼ ነው» የተባባልንበት፣ የመሣሪያ ቦርሳህን አንጠልጥለህ የወጣህበት። ጎረቤቶቹ ሁሉ መሬታችንን አንድ ላይ አድርገን የመኖሪያ ሰፈር ይሁን ብለን ተስማምተናል። አሁን አንዲት መሐንዲስ መጥታ እየሸነሸነችው ነው። ቀጭን ልጅ ናት፣ ንፋስ የሚወስዳት የምትመስል፤ ሥራዋ ላይ ግን ፍንክች የለም። እኔ መጀመሪያ ቤት የምታስቀምጥ መስሎኝ ነበር። ለካ መጀመሪያ ውሃ ነው! ዝናቡ ከላይ ወዴት ይወርዳል፣ ቦዩ በየት ይለፍ፣ ከዚያ መንገዱ፣ ከዚያ ለየሰዉ ቦታ ቦታው። የሁሉም በር መንገድ እንዲያገኝ፣ የአንዱ ቤት የሌላውን ፀሐይ እንዳይጋርድ ስትጨነቅ ሳያት፣ ለእኛ ትዳር ይህን ያህል ያሰበ ሰው በነበረ አልኩ በልቤ።

አጥሬ የምንለው ጎረቤታችን ትዝ ይልሃል? ያ ከአጥር ሌላ ወሬ የሌለው። የማዕዘኑ ቦታ ለእሱ ደረሰ። መሐንዲሷ «ለሚታጠፍ መኪና እንዲታይ ጥጉ ትንሽ ይቆረጣል» ብትለው፣

«ጆሮዬን ብትቆርጪኝ ይሻለኛል!» ብሎ ጮኸ።

«ጆሮዎማ መንገድ አይዘጋም» አለችው። ሆዳችን እስኪቆስል ሳቅን።

ሳቄን ሳልጨርስ ወደ እኔ ዞረች። «እትዬ፣ የእርስዎ መሬት በሁለት ሰው ስም ነው። አንድ ሰፊ ቦታ ላውጣላችሁ ወይስ ሁለት ጠባብ?»

ያ ሁሉ ሰው ጆሮውን ቀሰረ። አጥሬ ራሱ አጥሩን ረሳ። እኔም «ባለቤቴን ልጠይቀው» አልኩ። ባለቤቴን! ከአፌ ሲወጣ እኔው ደነገጥኩ።

ልጅቷ ግን ምንም አልመሰላትም። በመንገዱ በኩል መሃል ለመሃል፣ ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል አስተከለች። «ቅዳሜ ንድፉን እዘጋለሁ። ይኼ ችካል ቆሞ ካገኘሁት ሁለት ቦታ ነው፤ ተነቅሎ ካገኘሁት አንድ። ከዚያ በኋላ ሲሚንቶ ይፈስበታል፣ መለወጥ የለም» አለች። ሁለት ከሆነ ደግሞ ቦታው ስለሚጠብ ቤቶቹ ግድግዳ ይጋራሉ። እስቲ አስበው፤ አንተ ወዲያ እኔ ወዲህ፣ ሳልህ በግድግዳው እየተሰማኝ። ሻይ ላቀብልህ ብል በየት በኩል?

ከዚያ ቀን ጀምሮ መቀመጫ አጣሁ። ድስት ጥጄ እረሳለሁ፣ አንድ እግር ጫማ አድርጌ ሌላውን ስፈልግ እውላለሁ። ልጅህ ትናንት «እማ፣ በፈጠረሽ ቁጭ በይ፤ አንቺ ባይደክምሽ ወለሉ ደከመው» አለችኝ።

«ምን ላድርግ ታዲያ?»

«አባዬን ጠይቂው።»

«ምን ብዬ?»

«አንድ ነን ወይስ ሁለት ብለሽ ነዋ!»

ይህች ልጅ በማን እንደወጣች አንተው ታውቀዋለህ። እንግዲህ ልጠይቅህ ነው የተቀመጥኩት። ይኸው ገጹን ሞልቼ ጥያቄዋ አልወጣ አለችኝ። በአንድ ትራስ ላይ ያደርን ሰዎች በወረቀት ማፈራችን! ቆይ፣ መጣሁ። ትንሽ ነፋስ ልቀበል።

*

ተመለስኩ። ሻዬ ቀዝቅዟል። እግሬ ወዴት እንደወሰደኝ ታውቀዋለህ መቼም።

መሬቱ ላይ ሰው አልነበረም፣ አጥሬ ብቻ የተቆረጠበትን ጥግ እያየ ይቆዝማል። መሐንዲሷ ከችካል ችካል የወጠረችው ሲባጎ በንፋሱ ያፏጫል። አንተ መስለኸኝ ዞር አልኩ፤ እንዴት እንዳፈርኩ! ከዚያ በሁለቱ ቦታዎች ተራ በተራ ቆምኩ። በእኔ በኩል ስቆም አላላውስ አለኝ። በአንተ በኩል ስቆም ደግሞ ባዶነቱ አስፈራኝ። መለስ ብዬ ከእኔው ቆምኩ፣ ደግሞ ተሻገርኩ። እንዲህ ስመላለስ ሲባጎው እግሬን ጠልፎኝ ልወድቅ ስል የያዝኩት ችካሉን ነው። ያዝኩት፤ ይዤም አልለቀቅኩትም።

አጥሬ ከወዲያ «አንቺ ሴትዮ፣ ምን እያደረግሽ ነው?» ቢለኝ፣

«ድንበር እየነቀልኩ» አልኩት። እግዚኦ ብሎ አማተበ። ነገ ሰፈሩ ሁሉ ይሰማል።

አሁን ችካሉ እዚህ ከበሩ ኋላ ቆሟል፣ ቀይ ጨርቁም እንደታሰረ ነው። ልጅህ አየችው፤ አየችኝ፤ ሻዬን ልታሞቅ ይዛው ሄደች። ሳልጠይቅህ መንቀሌን አውቃለሁ። መሬቱ የአንተም ነው፤ ቅር ካለህ እስከ ቅዳሜ መጥተህ መልሰህ ትከለው፣ እጅህን አልይዝህም። እኔ ግን ልትከለው ብልስ በምን እመታዋለሁ? መዶሻውን ይዘኸው ሄደሃል።

ደብዳቤውን ለአውቶቡሱ ሹፌር እሰጠዋለሁ፣ ነገ እጅህ ይገባል። ፈጣሪ ወገብህን ያጽናልህ፣ ጣቶችህን ከመጋዝ ይሰውርልህ፣ መንገድህን ያቅናልህ። መንገድ አለህ ማለቴ አይደለም፤ ምርቃት ሲጀመር አፍ ዝም ብሎ ይሄዳል።

የልጅህ እናት