በሚካኤል የማይጠፋ ኮምፒውተር

ጥቅምት 6፣ ሐሙስ

እስከ ሰባት ሰዓት ሱቅ። እማዬ ስትሸጥ እኔ ስጠቀልል። አንዲት ሴትዮ አስራ አንድ ሻርፕ አስወርዳ፣ ሁሉንም አንገቷ ላይ ሞክራ፣ "ነገ እመለሳለሁ" ብላ ሄደች። እማዬ ሻርፖቹን ሰብስባ አጣጠፈች።

ስምንት ሰዓት ቤት። ምሳ ቆሜ በላሁ። ከዚያ ሄድፎን ጆሮዬ ላይ፣ በቃ። ሳሎኑ የእኔ የሚሆነው ከስምንት እስከ አስራ አንድ ብቻ ነው። ማታ የእማዬና የቴሌቪዥኑ ነው፣ እሁድ የዘመድ።

የኮምፒውተር ጨዋታ ቡድናችን ልምምድ ላይ ዛሬም ተንቀረፈፍኩ። ኮምፒውተሬ የቢሮ ነበር፣ አስር ዓመት የሰው ደሞዝ ሲደምር የኖረ። አሁን በጡረታው እኔ ጋር ተኩስ ይጫወታል። በሰከንድ 41 ፍሬም፣ 41 ምስል ብቻ... ማለት ጠላት ብቅ ሲል እኔ የማየው ከሞትኩ በኋላ ነው። አለቃችን ሄቨን "ፈትያ፣ እንደምንም 60 አድርጊው" አለች። እንደምንም! ከሱቅ ይገዛል እንዴ?

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ኦቨርክሎክ አደረግኩት!! እማዬ ምንድነው ስትለኝ "ፋብሪካው ሩጥ ካለው በላይ ማስሮጥ" አልኳት። "ለምን? ምን አደረገሽ?" አለች።

ፕሮሰሰሩ ተቆልፏል፣ አይነካም። ምስሉን የሚሠራው ግራፊክስ ካርዱ ግን ይነካል። ሃምሳ ሜጋኸርዝ ጨመርኩ፣ 46 ፍሬም። መቶ ጨመርኩ፣ 53። ብቻዬን ሳሎን ውስጥ እስክስታ መታሁ።

ከዚያ ድርግም። ጠፋ። አበራሁት። ሩብ ሰዓት... ድርግም።

መብራት የሚያቀብለው ፓወር ሰፕላዩ ነው። ሌላ ምን ይሆናል? 240 ዋት ብቻ ነው የሚሰጠው። በትልቅ እንዳልቀይረው የሳጥኑ ቅርጽ ልዩ ነው፣ የተራው አይገባም። ትርፍ የሌለውን ትርፍ ስጠኝ ብዬው...

ጥቅምት 11፣ ማክሰኞ

ወደ ሃምሳ መለስኩት። ያም ሆኖ ጨዋታ መሃል ሁለቴ ጠፋ። አራቱ ልጆች ያለእኔ ተጨፈጨፉ።

ሄቨን ደወለች። ስትናደድ ድምጿ ይቀንሳል፣ ያ ነው የሚያስፈራው። "ኅዳር 2 ከአስኮ ሰፈር ቡድን ጋር ነን። መንቀርፈፍም መጥፋትም አይቻልም። ያን ቀን ከጠፋሽ አምስተኛዋ ሌላ ሰው ናት።"

ሁለት ዓመት ይሄን ቡድን ስለምን። የዓለም ባንክ ሰፈር ሴቶች ቡድን... አምስተኛዋ እኔ ነኝ። ሌላ ሰው አይደለችም።

ጥቅምት 12፣ ረቡዕ

በእልህ 135 ጨመርኩ። ይቃጠል ብዬ።

60 ፍሬም። ስድሳ! ሦስት ሰዓት ሙሉ አንዴም አልጠፋም። የፈለገው ይሄ ነበር እንዴ? ስለምነው እንቢ፣ ስጨክንበት እሺ? ልክ እንደ አጎቴ።

ዛሬ እራት ሁለቴ በላሁ።

ጥቅምት 13፣ ሐሙስ

ያው 135። ምንም አልነካሁም። አራት ጊዜ ጠፋ።

ምን አጠፋሁ?

ጥቅምት 15፣ ቅዳሜ

ሙቀት ይሆን? የሳጥኑን ጎን ነቅዬ የእማዬን ቬንቲሌተር ደገንኩበት። ጠፋ። መብራቱ ይሆን? የፍሪጁን ስታቢላይዘር ነቅዬ አመጣሁ። ቀጭ፣ ቀጭ አለና... ጠፋ። እማዬ ከኩሽና፦ "ቅቤዬ ቢቀልጥ አናትሽ ላይ ነው የማደርገው!" ስታቢላይዘሩን ለፍሪጁ መለስኩ።

መብራት ሲዋዥቅ የሚይዘውን ባትሪ፣ ዩፒኤስ ልግዛ ብል ዋጋው ከኮምፒውተሩ ይበልጣል። በሬ ለማሰር ከበሬው የሚወደድ ገመድ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ

አልጠፋም። ለምን እንዳልጠፋ አላውቅም። አልጠይቅም። እንዳይሰማኝ።

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ

ጠፋ። ሦስቴ።

ጥቅምት 21፣ አርብ

አልጠፋም!! ሦስት ሰዓት፣ 60 ፍሬም፣ ሃያ ስምንት ገደልኩ። ምን ዓይነት ፍጡር ነው ይሄ?

ጥቅምት 22፣ ቅዳሜ

ምህረት መጣች። አብረን ነው የተማርነው፣ አሁን ፋርማሲ ትሠራለች፣ ነገር ትመዝናለች። ያልጠፋባቸውን ቀኖች ወረቀት ላይ ጻፍኩላት። 12፣ 19፣ 21። እኔ እንግዲህ ሂሳብ ነው ብዬ ስደምር ስቀንስ ሰንብቻለሁ። ሰባት ጨምር፣ ሁለት ጨምር...

ወረቀቱን አየች። እኔን አየች። "አንቺ፣ ይሄ እኮ ሚካኤል፣ ገብርኤል፣ ማርያም ነው።"

"እና?"

"እናማ ኮምፒውተርሽ የታቦት ቀን ያከብራል።"

ሶፋው ላይ ተንከባለልን። ሆዴን እስኪያመኝ። እማዬ ገብታ ምን ሆናችሁ ስትል ምህረት "የፈትያ ኮምፒውተር ልቡ ቤተክርስቲያን ነው" አለቻት። እማዬ ቀና ብላ ሳጥኑን አየችው። "በቤቴ በሰላም እስከኖረ ድረስ የራሱ ጉዳይ" አለች።

ምህረት ስትወጣ በር ላይ ቆም አለች። "ቀጣዩ 27 ነው፣ መድኃኔዓለም። ሞክሪው።"

ጥቅምት 24፣ ሰኞ

ጠፋ። ሰኞ ነው፣ ምህረት ከነገረችኝ ቀኖች አይደለም። (እንዲህ ማሰብ ጀምሬያለሁ። አላህ ይሁነኝ።)

ሄቨን ጋ ደወልኩ። "ጨዋታው ከኅዳር 2 ወደ 12 አይዞርም?"

"ለምን?"

"ኅዳር ሚካኤል ነው።"

"ፈትያ፣ አንቺ ሙስሊም ነሽ።"

"እኔ ነኝ። ኮምፒውተሩን እንጃ።"

ስልኩን ዘጋችብኝ። ተመልሳ ደወለች፣ እየሳቀች ነበር። ቀኑ ግን አይዞርም።

ጥቅምት 27፣ ሐሙስ

ስምንት ሰዓት ላይ አበራሁት። ዘጠኝ... አስር... አስራ አንድ። አልጠፋም።

አሁን በእውነት ፈራሁ።

ጥቅምት 28፣ አርብ

አገኘሁት። እየሳቅኩ ነው የምጽፈው።

ሄድፎኑ ጆሮዬን ስላቆሰለኝ ዛሬ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ ተጫወትኩ። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከአጥሩ ኋላ... ዝዝዝዝዝ። ኮምፒውተሩ ድርግም። አበራሁት። ጸጥ ሲል ሠራ። ዝዝዝ... ድርግም። ሦስት ሳምንት ይሄ ድምፅ ከጀርባዬ ነበር፣ እኔ ጆሮዬን ደፍኜ ፓወር ሰፕላዬን እረግማለሁ!

ወጥቼ ወንበር ላይ ቆምኩና ከቆርቆሮው አጥር በላይ አየሁ። ጋሽ ወዬሳ። ከመስከረም ጀምሮ እዚያ ብረታ ብረት ቤት የከፈቱት። ጭምብል አድርገው የግቢ በር ይበይዳሉ።

"ጋሽ ወዬሳ፣ በሚካኤል ይበይዳሉ?"

ጭምብሉን አነሱ። "መጀመሪያ ደህና ዋሉ ይባላል።"

"ደህና ዋሉ። በሚካኤል ይበይዳሉ?"

"ምን ነካሽ ልጄ? ሚካኤልን፣ ገብርኤልን፣ ማርያምን፣ መድኃኔዓለምን ብረት አልነካም። ከእናቴ የወረስኩት ነው። ማነው በየዱ ያለሽ?"

"ማንም። አላህ ይስጥልኝ።"

እንደዚህ ነው ነገሩ። ሁለታችንም አንድ የመብራት ፖል ላይ ነን። እሳቸው ብረቱን ሲለኩሱ መብራቱ ለቅጽበት ዝቅ ይላል። ፍሪጁ አይሰማውም። ኮምፒውተሩም ድሮ ቀስ ሲል አይሰማውም ነበር። አሁን ግን እስከ አፍጢሙ አስሮጬዋለሁ፣ 240 ዋቱ ተሟጦ አልቋል፣ ትንሽ ሲጎድልበት ይወድቃል። ለምህረት ደወልኩላት። "ታቦቱን የሚያከብሩት ጋሽ ወዬሳ ናቸው" ስላት ፋርማሲ ውስጥ ጮኸች።

ጥቅምት 29፣ ቅዳሜ

ሄጄ ለመንኳቸው። ኅዳር 2፣ ከዘጠኝ እስከ አስር ተኩል፣ አንድ ሰዓት ተኩል ብቻ እንዳይበይዱ።

"የዚህ በር ባለቤት ኅዳር 2 ነው የሚወስደው" አሉ። "ለምንድነው የማቆመው?"

"ለጨዋታ።"

"ለጨዋታ..." አሉ። ጭምብላቸውን መለሱ።

ትክክል ናቸው። እንጀራቸው ነው። ቤት ገብቼ ትንሽ አለቀስኩ። ኦቨርክሎኩን ካጠፋሁት አይጠፋም፣ ግን 41 ፍሬም። የአስኮዎች ምሳ ነኝ። ካላጠፋሁት ደግሞ... ድርግም። በየትም በኩል አምስተኛዋ ሌላ ሰው ናት።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

በር ተንኳኳ። ጋሽ ወዬሳ። እጃቸውን ታጥበው፣ ጃኬት ለብሰው። እማዬ ሻይ አፈላች። አንዴ ጠጥተው፦ "ያ ማሽን የታለ?"

ጎኑ የተነቀለውን ሳጥን አሳየኋቸው። ገመዶቹን በሻርፕ ማሰሪያ ሪባን ነው ያሰርኳቸው፣ ካርዱ እንዳይዘነብል በማበጠሪያ ደግፌዋለሁ። አፈርኩ ትንሽ።

"አቅሙ ስንት ነው?"

"240 ዋት።"

እስኪያስላቸው ሳቁ። "የእኔ ማሽን ሲያስነጥስ ከዚህ ይበልጣል።" ከዚያ ጎንበስ ብለው ቆዩ። ማበጠሪያውን በጣታቸው ነካ አደረጉ። "ይሄን ማን ገጣጠመው?"

"እኔ።"

"ብቻሽን?"

"ብቻዬን።"

"አቅም እንደሌለው እያወቅሽ ለምን ታስሮጪዋለሽ?"

"ካላስሮጥኩት ከቡድኑ እወጣለሁ።" ማበጠሪያውን መልሼ አስተካከልኩ። "ሁለት ዓመት ለምኜ የገባሁበት ነው ጋሽ ወዬሳ።"

ሻያቸውን ጨረሱ። ስለ ሥኳሩ እማዬን አመሰገኑ። በር ላይ ሲደርሱ ዞር አሉ። "ብየዳውን በጠዋት ገብቼ እጨርሰዋለሁ። ዘጠኝ ሰዓት ቀለም ላይ እሆናለሁ። ቀለም ትፈሪያለሽ?"

ምንም አልፈራም። እንቅልፍ ግን እንጃ።

ኅዳር 2፣ ማክሰኞ

በቅደም ተከተል ልጻፍ፣ አለዚያ ይጠፋኛል።

ዘጠኝ ሰዓት። 135፣ 60 ፍሬም። ምህረትን አጥሩ ጋ ወንበር ላይ አቆምኳት፣ ብልጭታ ካየች እንድትጮህ። ብትጮህ ምን እንደማደርግ አላውቅም፣ ግን ትቁም።

ሰባት ለአምስት እየመራን። ከዚያ አስኮዎች ተነሱ። ዘጠኝ ለዘጠኝ። ኮምፒውተሩ ጆሮ ሰጥቼ የማላውቀው ድምፅ ያሰማል፣ ያቃስታል። አይዞህ እለዋለሁ ጮክ ብዬ፣ ሄቨን "ማንን ነው?" ትላለች።

ይሄን ምህረት ናት በኋላ የነገረችኝ። ልክ ያኔ የበሩ ባለቤት መጣ። ማጠፊያው ትንሽ ተጣሟል፣ አንዴ በየድ አድርግልኝ አለ።

ጋሽ ወዬሳ ብሩሻቸውን ሳያቆሙ፦ "አሁን አይሆንም።"

"አንድ ደቂቃ እኮ ነው።"

"በዓል ነው። አስር ተኩል ያልፋል።"

ሰውየው ግራ ገባው። "ዛሬ ደግሞ የማን ነው?"

"የጎረቤት።"

ሰውየው ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ጠበቀ አለች ምህረት። ይሄን ስጽፍ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ሞኝ ነኝ።

ተሸነፍን። 13 ለ 11። ከዚያ ሄቨን፣ በዚያ ዝቅ ባለ ድምጿ፦ "ፈትያ... አለሽ?"

"አለሁ።"

"እስከ መጨረሻው ነበርሽ።"

"ነበርኩ።"

"ልምምድ ረቡዕና አርብ፣ ዘጠኝ ሰዓት። አታርፍጂ።"

ተሸንፎ የሚጨፍር ሰው አይቼ አላውቅም ነበር። ሳሎናችን ውስጥ አንድ አለ። እማዬም ለምን እንደሆነ ሳይገባት አጨበጨበች።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ጋሽ ወዬሳ ረቡዕና አርብ ከዘጠኝ ሰዓት በኋላ የቀለም ሰዓት አድርገውታል። ማንም አልለመናቸውም። ራሳቸው የአጥሩን ቆርቆሮ መትተው ነገሩኝ። "ለአንቺ አይደለም፣ ቀለም ከሰዓት ነው የሚደርቀው" አሉ። ይሁን።

ሄድፎኑን አሁን በአንድ ጆሮ ነው የማደርገው። አንዱ ለቡድኑ፣ አንዱ ለአጥሩ።

ዛሬ የልምምድ ግጥሚያ ነበረን። አስር ከሩብ ላይ መጨረሻዋን ልጅ እኔ ጣልኳት። ጩኸት። ሄቨን ሳትቀር ጮኸች። ሄድፎኑን ሳወልቅ ከአጥሩ ኋላ ድምፅ...

"ፈትያ! ስንት ለስንት?"

"13 ለ 6! አሸነፍን ጋሽ ወዬሳ!"

"ጎሽ! ጨርሰሻል?"

"ጨርሻለሁ!"

ዝዝዝዝዝዝ። ኮምፒውተሩ ድርግም አለ።

ይጥፋ። ጥቁሩ ስክሪን ላይ ራሴን አየሁት፣ ጥርሴ ብቻ ነው የሚታየው።