ለአባባ ያደስኳት ተጎታች ቤት

ይድረስ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ፣

የባሕሩ ንፋስ ጉልበትሽን እንዴት እያደረገው ነው? ባለፈው ደረጃ መውጣት ከበደኝ ብለሽ ነበርና ሐሳብ ገብቶኛል። ባልሽስ፣ ልጆቹስ፣ ያቺ ሆዳም ድመትሽስ እንዴት ናችሁ? እኛ እዚህ ሱቫውኪ ብርዱ ከወዲሁ ጥርሱን ቢያሳየንም ደህና ነን። ደህና ነን ስልሽ እንግዲህ በልተን እናድራለን ማለቴ ነው።

የላክሁልሽን ፎቶዎች አይተሽ የጻፍሽልኝ ደርሶኛል። «እጅህ ይባረክ፤ አባቱን እንዲህ የሚያስብ ልጅ ከየት ይገኛል» ብለሻል። ለሥራ ባልደረቦችሽም አሳይተሻቸዋል አሉ። ኧረ ተይ! ያቺ «እጅህ ይባረክ» እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮዬ ላይ ተሰንቅራለች። በስልክ ልነግርሽ ሞክሬ ነበር፤ ድምፅሽን ስሰማ ስለ አየሩ አወራሁና ዘጋሁ። ስለዚህ ልጻፍልሽ፤ አንብበሽ ብትቀጂውም መብትሽ ነው።

አባባ ነገር እየረሳ መምጣቱን ታውቂያለሽ። መውጣቱን ግን አልነገርኩሽም። እናታችን ካረፈች ወዲህ በር ከፍቶ ይሄዳል። አንድ ቀን በቤት ጫማ የባቡር ሐዲዱ ዳር አግኝተውት፣ ወዴት ነው ቢሉት፣ «ወርክሾፕ ነዋ፤ ደንበኛ ይጠብቀኛል» ብሏቸዋል። ሌላ ቀን ጋዙን ከፍቶ ሳይለኩሰው፣ አጠገቡ ቁጭ ብሎ አገኘችው ባለቤቴ ኢቮና። ሥራዋን ትታ ቀኑን ሙሉ እሱን ነው የምትጠብቀው። ሰውነቷ አልቋል።

ያኔ ነው ዓይኔ እንቁላሏ ላይ ያረፈው። በልጅነታችን «እንቁላል» ያልናት ድብልብሏ ተጎታች ቤታችን፤ አባባ በየበጋው ከመኪናው ኋላ አስሮ አውጉስቱፍ ሐይቅ ይዞን የሚሄድባት፣ አንቺ ከላይኛው አልጋ ሆነሽ እግርሽን ፊቴ ላይ የምታንጠለጥይባት። ጓሮ ውስጥ ሸራ ለብሳ ሳማ ወርሷት ነበር። ለሁላችሁም፣ ለአባባ አድሳታለሁ አልኩ። ሁላችሁም ደስ አላችሁ።

መቼም ሥራውን አልዋሽሽም፤ ከልቤ ነው የሠራሁት። ወለሏ በስብሶ ስረግጠው እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረ። አሮጌውን ኮምፔንሳቶ ገነጣጥዬ ጥዬ ከሥር አዲስ ጀመርኩ። መሳቢያዎቹ ውስጥ አንድ ሚስማር የለም፤ ጥርስ በጥርስ ነው ያነካከስኳቸው። አባባ እንዳይጋጭ ብዬ የጠረጴዛውንም የቁም ሳጥኑንም ጠርዝ አድበልብዬ፣ እጄ እስኪላጥ በብርጭቆ ወረቀት አለሰለስኩት። ሙቅ ውሃ አስገባሁ፣ ትንሽ ፍሪጅ፣ ከአልጋው ሲነሳ በራሱ የሚበራ መብራት፣ ደግሞ ያንን ማሞቂያ። አባባም ከጎኔ አይጠፋም ነበር። እኔን ፌሌክ ነው የሚለኝ፤ ድሮ እንጨት ሥራ ወርክሾፑ ውስጥ የነበረውን ተለማማጅ ታስታውሺዋለሽ። «ፌሌክ፣ አንተ ደንቆሮ! እንጨቱን በፀጉሩ ላግ እንጂ! ድመትስ ብትሆን ወደ ኋላ ሲያሿት ትወዳለች?» ይለኛል። ጎረቤታችን ቫልዴክ ደግሞ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሎ፣ «ሚስትህ ስታባርርህ የምትገባባት ናት አይደል? ለኔም አንድ ሥራልኝ፤ የኔዋም የምታባርረኝ ቀን ቀርቧል» እያለ ያስቀኛል። ስንስቅ ነው የከረምነው።

አንድ ጥያቄሽን ግን ዘልዬዋለሁ። «ሐይቅ የምንሄደው በበጋ ነው፤ ያ ሁሉ ማሞቂያ ምን ያደርጋል?» ብለሽኝ ነበር።

እህቴ፣ እንቁላሏ ሐይቅ አትሄድም። ጎማዎቿን አውልቄ ብሎኬት ላይ አስቀምጫታለሁ። የሠራኋት አባባ የበረዶውን ወራት እዚያ ውስጥ እንዲያሳልፍ ነው። ጓሮ፣ ብቻውን።

ኢቮና አስቸግራኝ ነው ልልሽ ነበር። ከዚህ በፊት አንድ ደብዳቤ ጽፌልሽ ሁሉንም በእሷ አላክኬ ነበር፤ አፈርኩና ቀደድኩት። ምስኪን፣ እሷ ያለችው «ደከመኝ፤ አንድ መላ በል» ብቻ ነው። መላው የኔ ነው።

ሌላም አለ። ፎቶዎቹን ሁሉ ያነሳሁት በሩን ከፍቼ ወደ ውጭኛው ግድግዳ አጥፌ ነው። የበሩን ጀርባ እንዳታዪው ነው። ከውጭ በኩል መቀርቀሪያ ገጥሜበታለሁ። ትልቅ፣ የብረት። ኢቮና ስታየው ደረጃው ላይ ቁጭ አለችና፣ «ሰው ነው የምታስገባበት ወይስ በግ?» ብላ አለቀሰች። እኔ ዓይኔን በጨው አጥቤ፣ ለማታ ብቻ ነው፣ ለራሱ ደህንነት ነው አልኳት። ሐዲዱ ቅርብ መሆኑ እውነት ነው እኮ። ግን ስገጥመው ቫልዴክ እንዳያየኝ ዞር ዞር እያልኩ ነበር። ለአባቱ ደህንነት የሚሠራ ሰው ምን ያስደብቀዋል?

ቅዳሜ እናታችን መቃብር ላይ ሻማ አብርተን ስንመለስ አባባን አስገባሁት። የክት ካፖርቱን እንደ ለበሰ ገባ። መሳቢያውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንጨቱን አሸተተ። «ማን ነው የሠራው? ጥሩ እጅ አለው» አለ። እኔ ነኝ አባባ ስለው፣ «አትዋሽ ፌሌክ» ብሎ ሳቀብኝ። እኔም ሳቅሁ። ከዚያ ሊወጣ ሲል በሩን አየው። መቀርቀሪያውን በአውራ ጣቱ ወዲያ ወዲህ አደረገው።

«ይሄን የገጠምከው አንተ ነህ?» አለኝ። «በማያውቁት ሥራ መግባት! በተሳሳተ በኩል ነው እኮ የገጠምከው። ውስጥ ያለው ሰው በምን ይዝጋ? በውጭ የሚዘጋ የዶሮ ቤት ነው» አለና እጁን ዘረጋልኝ። «ካቻቢቴ አምጣ።»

አመጣሁለት። ሾርባ ሲጠጣ ማንኪያው አፉ ሳይደርስ ይደፋበታል፤ ብሎኖቹን ግን አንድ ሳይጥል ፈታቸው። ከውስጥ በኩል አስተካክሎ ገጠመው። ውጭ የቀሩትን ቀዳዳዎች በእንጨትና በኮላ እንድደፍን አዘዘኝ፤ ደፈንኩ። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። ከዚያ ገባና በሩን ዘጋው፤ ብረቱ ሲንሸራተት ሰማሁ። ውጭ ቀረሁ። ጠራሁት፣ አልከፈተም። በመጨረሻ አንኳኳሁ። ወዲያው ከፈተና፣ «አየህ? ላንኳኳ ይከፈትለታል» አለኝ። ትከሻዬን ይዞም፣ «የትም አልሄድም ልጄ፤ አትፍራ» አለኝ።

ፌሌክንም «ልጄ» ይለው ነበር። ስለዚህ ለማን እንዳለው አላውቅም። ፊቱን ባየው ይገባኝ ነበር፤ ቀና ብዬ ማየት አቃተኝ እንጂ።

አሁን ቤት እንግባ ብለውም እምቢ ብሏል። «ክፍሌን ለምን እለቃለሁ?» ይለኛል። ኢቮና ምግቡን በትሪ ታመጣና አንኳኩታ ትገባለች። «ግቢ እመቤት» ሲላት ትስቃለች፤ ከሳቀች ስንት ጊዜዋ ነበር። እንዲህ ስልሽ ግን ነገሩ በመልካም አለቀ እያልኩሽ አይደለም። እሱ በሩን ባያይ ኖሮ ያን ማታ እዘጋበት ነበር። እዘጋው ነበር፣ እህቴ። ይሄንን ማንም አያውቅብኝም፤ አንቺ ብቻ እወቂብኝ። ፍረጂብኝም፤ ብቻ ከእንግዲህ ስለ እጄ አትመርቂኝ። ከቻልሽ ለገና ነዪ። ምናልባት አንቺን በስምሽ ይጠራሽ ይሆናል።

ፊደሌ ቢጣመም ይቅር በዪኝ። የምጽፍልሽ እዚሁ እንቁላሏ ውስጥ ሆኜ ነው፤ ጠረጴዛዋን የሠራኋት በአባባ ቁመት ስለሆነ አጎንብሼ ነው የምጽፈው፤ እንዳይነቃም መብራቱን ዝቅ አድርጌዋለሁ። ልኬቱን ሁሉ ለአንድ ሰው ወስጄ ነበርና ቦታው አይበቃም፤ ማታ ማታ ከአልጋው ሥር ወለሉ ላይ ስጋደም እግሬ በሩን ይነካል።

እግዜር ጉልበትሽን ያጽናልሽ፤ የቤትሽን ሰው ሁሉ ይጠብቅልሽ። ከአባባ ጋር በጤና ያገናኝሽ።

ያው ወንድምሽ