ምጡ ድንገት ሲቆም

ለልጄ ለፈንታሁን፣ ሑመራ

በአገር ርቀት በዓይን ያጣሁህ ልጄ፣ እንደምን ከርመሃል? ወባው ተወህ ወይስ ዛሬም ያንቀጠቅጥሃል? የሰሊጡን አጨዳስ ከነሙቀቱ ቻልኸው? እኛ በእግዚአብሔር ቸርነት ደኅና ነን። ባለቤትህ እቴነሽ በሕይወት አለች፤ ሴት ልጅም ተወልዳልሃለች። ይህን ያስቀደምሁት ቀጥሎ ያለውን ስታነብ እንዳትደነግጥ ነው።

ማሩን በኦፕራሲዮን ስለወለደች ሁለተኛውን ሐኪም ቤት እንድትወልድ ተነግሯት እንደነበር ታውቃለህ። ወደ ደብረ ታቦር ልናመጣት ስንሰናዳ፣ አንበሳሜ እናቷ ቤት ሳለች ምጡ ቀድሞ መጣ። እኔም ልጠይቃት ሄጄ እዚያው ነበርሁ። ወንድሟ ይሻው መኪና ሊፈልግ እንደወጣ ምጡ ድንገት ቀጥ አለ። ሴቶቹ «ማርያም አሳረፈቻት» ብለው ጋቢ አለበሷት። እናቷ የሺም ትተኛበት ብላ ሁላችንን ዝም አሰኘች።

እኔ ሳያት ፊቷ አመድ መስሏል፣ ላቧ ቀዝቅዟል፣ ደም ይፈሳታል። ሆዷን ብዳስስ ቅርጹ ተለውጦ የሕፃኑ እግር ከቆዳዋ ሥር ያለ ያህል ተሰማኝ። ልጅ ሳይወለድ ምጥ እንዲህ አያርፍም አልሁ። የሺ ተቆጥታ፣ «አንቱ ደግሞ የሰው ምጥም ያርማሉ» አለችኝ። ይሻው መኪና ይዞ ሲደርስ፣ ማርያም ካሳረፈቻት መኪናው ውስጥም ታርፋለች ብዬ በቃሬዛ አስወጣኋት።

ደብረ ታቦር ሆስፒታል ስንደርስ ሐኪሙ እንዳያት የቀድሞው ስፌት ተተርትሮ ማኅፀኗ ተቀድዷል አለን። ግሉኮስ ሰክተው፣ ከይሻው ደም ቀድተው ሰጧትና ቀዶ ጥገና ክፍል አስገቧት። ሕፃኗ ስትወጣ ትንፋሿ ደክሞ ነበር፤ አሁን ግን ጡት ከያዘች አትለቅም። ማኅፀኑ ግን ሊሰፋ የማይችል ሆነ፤ ደሙም አልቆም አለ። ሐኪሙ ይውጣ ወይ ብሎ ሲጠይቅ፣ ያችው የሺ «ልጄ ትትረፍልኝ እንጂ እሱን ምን ላደርገው» ብላ ፈረመች።

እንግዲህ እቴነሽ ሌላ አትወልድም። ይህን እንዳልጽፍልህ ለምናኝ ነበር፤ ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰማው ከእናቱ ይስማው ብያት ፈቀደች። ቁስሏ እየጠገገ ነው፤ ትላንት ማንም ሳይደግፋት ቆማ ሄደች። ሕፃኗ በሰማንያ ቀኗ ክርስትና ትነሣለች። ስም አላወጣንላትም፤ አንተን እየጠበቅን ነው።

የሺ ጉልበትህን ስሜያለሁ ትላለች። ማሩ እኅቱን ለጎረቤት ሁሉ ያሳያል፤ አንተንም ይጠይቃል። ይሻው ሰላምታውን አቅርቦ፣ ከእንግዲህ እቴነሽ ብትቆጣህ ደሙ የእኔ ነው ብሏል። እቴነሽም ሰላም ብላሃለች። «ምን ይል ይሆን?» ብላ ጠየቀችኝ፤ በአንተ ፋንታ አልመልስም አልኋት። መልስህን በእሷ ስም ላክ፤ እኔ አልከፍተውም።

እናትህ አመተማርያም
ደብረ ታቦር፣ ጥቅምት ፲፬ ቀን ፲፱፻፺፱ ዓ.ም.