የየሻረግ ሥራ ወደ ጊት ሲዛወር

ሰኞ፣ ጥቅምት 10

ይርጋ የሚባል ልጅ ዛሬ ከባሕር ዳር መጣ። ከልጄ ከየሻረግ ጋር ዩኒቨርሲቲ አብረው የተማሩ ናቸው። ለቅሶዋ ላይ መጥቼ ነበር አለኝ፤ አላስታውሰውም። በዚያን ሰሞን የመጣውን ሰው ሁሉ አላስታውስም።

የመጣው ሥራዋን ሊያዛውር ነው። የገበሬዎቹ ዩኒየን ነው የላከው። የሻረግ ለዩኒየኑ የሠራችው ፕሮግራም ገበሬው ሩዙን ሲያስገባ የሚመዘግብ ነው፤ ኪሎውን፣ ቀበሌውን፣ እርጥብ ይሁን ደረቅ። ካረፈች ወዲህ የነካው ሰው የለም። አሁን ሩዙ ሊታጨድ ነው፣ አዲስ ሚዛን ተገዝቷል፣ ፕሮግራሙም መስተካከል አለበት።

የሠራችበት ኮምፒውተር ሳሎን እንደነበረ ነው። ጠዋት እከፍተዋለሁ፣ ማታ እዘጋዋለሁ። ሰዓት አይበታለሁ እንጂ ሌላውን አልነካም።

«ምንድን ነው የምታዛውረው?» አልኩት። ቀስ ብሎ አስረዳኝ። የገባኝን ልጻፍ። የሻረግ አንድ ነገር በቀየረች ቁጥር ምን እንደቀየረች፣ መቼና ለምን እንደቀየረች አስቀምጣለች። የምታስቀምጥበት ኤስቪኤን ይባላል። እሱ አርጅቷል። ዛሬ ሰው የሚጠቀመው ጊት በሚባለው ነው። ከዚያ ወደዚህ መገልበጥ አለበት።

«ከጎታ ወደ ጎታ ነዋ» አልኩት።

«እሱማ ቀላል ነበር እትየ ዘነቡ። ይሄ እያንዳንዷ ፍሬ በየትኛው ቀን እንደገባች ሳይጠፋ መገልበጥ ነው።»

ከዚያ ዋናውን ነገር ነገረኝ። የዩኒየኑ የኮምፒውተር ኃላፊ አቶ መላኩ የሰጡት እስከ አርብ ማታ ብቻ ነው። እስከዚያ ካልሆነ የመጨረሻውን ብቻ ገልብጥና ና ብለውታል። የመጨረሻው ብቻውን ከሄደ ፕሮግራሙ ይሠራል። በየቀኑ የጻፈችው ግን እዚህ ይቀራል። ስሟም አዲሱ ላይ አይኖርም።

«አንተ ምን ትላለህ?»

«እኔ ሁሉም እንዲሄድ ነው የምፈልገው። ለዚያ ነው ሌላ ሰው ሳይላክ ራሴ የመጣሁት።»

ምሳ ሰጠሁት። ጥሩ በላ።


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 11

የመጀመሪያው ሙከራ ተበላሸ። ቁጥሩ ሁሉ ተገለበጠ፣ እሷ የጻፈችው ግን የጥያቄ ምልክት ብቻ ሆኖ ወጣ። ከላይ እስከ ታች የጥያቄ ምልክት።

ጎረቤቴ አልጣሽ ጨው ልትበደር ገብታ ስክሪኑን አየችው። «በያ! ይህን ሁሉ ጥያቄ ማን ሊመልስ ነው?» አለች። ይርጋ ሳቀ። እኔም ትንሽ ሳቅሁ መሰለኝ።

ችግሩ የሻረግ በአማርኛ መጻፏ ነው። ይርጋ «የኛ ሰው ይሄን በእንግሊዝኛ ነው የሚጽፈው፤ እሷ ለምን በአማርኛ ጻፈች?» አለኝ። ሚዛን ላይ የሚሠሩት ሰዎች እየመጡ «ምን አድርገሽ ነው የተለወጠብን?» ሲሏት ከዚያው ላይ ታነብላቸው ነበር። ይህን ነገርኩት። ራሱን ነቀነቀ።

አቶ መላኩ ደውለው «በቃ ጽሑፉን ተወው» ብለውታል። ይርጋ እስከ አርብ ጊዜ አለኝ ብሎ መለሰላቸው።

ሌላም ነገር ነበር። ኤስቪኤን ላይ «ሻሼ» ብላ ነው የምትገባው። ጊት ደግሞ ሰው የሚያውቀው በሙሉ ስሙና በኢሜይሉ ነው። ሻሼ ማለት ማን እንደሆነች ለአዲሱ መንገር አለብን አለኝ። ስሟን ከነአባቷ ስም አጻፍኩት። ኢሜይሏን ሲጠይቀኝ «የሞተ ሰው ኢሜይል ምን ይሠራለታል?» አልኩት።

«ካልሰጠነው እሺ አይልም፣ እትየ።»

«እንግዲያው የድሮዋን ስጠው። የሚጽፍላት የለ።»

የድሮዋን ሰጠው። ያን ጊዜ እሺ አለ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 12

ሚካኤል ስሜ ስመለስ ይርጋ በር ላይ ቆሞ ጠበቀኝ። ፊደሉ መጥቷል። ሌላ ሙከራ አድርጎ አማርኛው እንዳለ ወጣ። ገብቼ ተቀመጥኩና አነበብኩ። ዓይኔ ደካማ ስለሆነ አንዳንዱን እሱ አነበበልኝ። ከያዝኩት ጥቂቱ ይኸው፦

«የእርጥብ ሩዝ ቅናሽ ጨመርኩ። ሚዛን ላይ ያሉት አዛውንት ‹እርጥቡንና ደረቁን አንድ ካደረግሽው ውኃ ልትገዢ ነው› ብለው ሳቁብኝ። ልክ ናቸው።»

«ትናንት የሠራሁትን አጠፋሁ። የማይረባ ነበር።»

«ደረሰኙ ላይ ፊደሉን አተለቅሁት። አባቶች ማንበብ አቃታቸው።»

«ሠራ!!!»

«አልሠራም።»

የመጨረሻዎቹ ሁለቱ ተከታትለው ነው ያሉት። ስትስቅ ሰማኋት ልል ነበር፤ አልሰማሁም። ግን እንዲህ ነበር የምትናገረው።

ከዚያ ይርጋ እንዲሁ ሳያስብ ነው የተናገረው። «ሰዓቱን አዩት እትየ? ሌሊት ስምንት ሰዓት። ሌሊት ዘጠኝ። ይሄም ሌሊት ስምንት ተኩል። ስድስት ሰዓት ቀን ላይ ታቆማለች። አትተኛም ነበር እንዴ?»

አላውቅም አልኩት። ወደ ጓሮ ወጣሁ። ከዚያ በኋላ ያነበበልኝን አላዳመጥኩም።


ሐሙስ፣ ጥቅምት 13

መብራት ጠፍቶ ዋለ። ሥራ የለም። ይርጋ ሁለት ጊዜ መጥቶ ተመለሰ። አንድ ቀን ነው የቀረው።

የሻረግ ባለፈው ኅዳር የዩኒየኑ መጋዘን ውስጥ ቆማ ሳለች ነው የወደቀችው። ባሕር ዳር ስናደርሳት ጭንቅላቷ ውስጥ ደም ፈሷል አሉን። አልነቃችም። ሐኪሙ ብዙ ነገር ጠየቀኝ። አንዱ «እንቅልፏ እንዴት ነበር?» የሚል ነው። «ደህና ትተኛለች» ብዬ መለስኩ።

እኔ ጓዳ ነው የምተኛው፣ እሷ ሳሎን። ቀድሜያት ነው የምተኛው። ታዲያ በምን አውቄ ነው ትተኛለች ያልኩት? ሌሊት እየተነሳች ስትሠራ ኖሮ እኔ እዚያው ግድግዳው ሥር አንኮራፍቼ ይሆናል።

አልጣሽ «ምን ሆነሽ ነው የጾምሽው?» አለችኝ። ነገርኳት። «ዛሬ እሱን አውቀሽ ልትመልሻት ነው?» አለች። ክፉ አይደለችም፤ አነጋገሯ ነው። እህል ግን አልወርድ አለኝ።

ይሄ ሁሉ ወደ አዲሱ ከሄደ የሚያነበው ሁሉ ያንኑ ሰዓት ያያል። የመጨረሻውን ብቻ ይውሰዱ ልል አሰብኩ። ተመልሼ ደግሞ «ሠራ!!!» የሚለው ሊቀር ነው አልኩ። አልቆረጥኩም።


አርብ፣ ጥቅምት 14

ዛሬ ብዙ ነው የምጽፈው። እጄ እስኪደክም ልጻፍ።

መብራት ማታውኑ መጥቶ አደረ። ይርጋ በጠዋት ገባ። «ሌሊት የጻፈቻቸውን ብቻ አንብብልኝ» አልኩት። ለምን እንደሆነ አልጠየቀኝም፤ ማንበብ ጀመረ። አንዷ ላይ ሲደርስ አስቆምኩት።

«ትናንት ሜዳው ላይ አክስቴ ቤት አደርን፣ ውኃው አላሳልፍ ብሎን። መንገድ በውኃ የተዘጋበት ገበሬ ተራው እንዳይሰረዝ አደረግሁ።»

«ይቺ ስንት ሰዓት ላይ ናት?»

«ሌሊት ዘጠኝ ተኩል።»

«ውሸት ነው» አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝ። ነገሩ እንዲህ ነው። ካቻምና ክረምት ሐይቁ አጠገብ ያለችው እህቴ ልጇ ወልዳ አራስ ልንጠይቅ ወረድን። ማምሻውን ውኃው መንገዱን ዘጋውና እዚያው አደርን። አንድ መደብ ላይ፣ አንድ ጋቢ ለብሰን ነው የተኛነው። እግሯን ጎኔ ውስጥ ከትታ ሌሊቱን ሙሉ አልተንቀሳቀሰችም። ጎህ ሲቀድ በታንኳ አሻገሩን፣ ከዚያ በባጃጅ እዚህ ወረታ ገባን። ኮምፒውተሩ ያለው እዚህ ሳሎን ውስጥ ነው። እንግዲህ ሌሊት ዘጠኝ ተኩል ላይ ማን ጻፈው?

ይርጋ ዞር አለ። የየሻረግን ስክሪን ጥግ አየ። የራሱን ላፕቶፕ አየ። ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነበር። የሷ ሦስት ይላል፣ የሱ ዘጠኝ ይላል።

«እትየ፣ ይሄ ሰዓት በእኛ ነው እንዴ የተሞላው?»

«ታዲያ በማን ይሞላ?»

ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። «ከሰኞ ጀምሮ ፊቴ ተገትሮ! ሦስት ሲል ሦስት ነው ብዬ አልፌው!» እያለ ሳቀ።

ሰዓቱን እንዲያ የሞላችው ለእኔ ነው። የግፊት መድኃኒቴን ጠዋት ሁለት ሰዓት ላይ ነው የምውጠው፤ የስልኩ ሰዓት በፈረንጅ ሆኖ ሲያምታታኝ ጊዜ ኮምፒውተሩን በእኛ አድርጋ «እዚህ እዪ» አለችኝ። እሷ የጻፈችውንም ኤስቪኤን የሚመዘግበው በዚያው ሰዓት ኖሯል። ሦስት የሚለውን ይርጋ በፈረንጅ ቆጥሮ ነው ሌሊት ዘጠኝ ያለው፤ ጠዋት ሦስት ነው። ሌሊት ስምንት የተባለው ጠዋት ሁለት ነው። ቀን ስድስት ላይ ታቆማለች የተባለው ማታ አሥራ ሁለት ነው። እንደ ማንኛውም ሠራተኛ ጠዋት ጀምራ ማታ ነበር የምታቆመው።

ልጄ ሌሊት ትተኛ ነበር።

ይርጋ ቆይቶ አንድ ጥያቄ አመጣ። ሲገለብጥ ሁሉም ላይ ስድስት ሰዓት መጨመር ይችላል፤ ወይም እንዳለ ይተወዋል። ዛሬ ካልተወሰነ ሰው ከጀመረበት በኋላ አይነካም። መጨመር ከተባለ ደግሞ ሁሉንም ከመጀመሪያው መገልበጥ ነው፤ እስከ ማታ መድረሱን እንጃ አለ።

በዚህ መሐል አቶ መላኩ ደወሉ። ይርጋ የሰዓቱን ነገር ነገራቸውና ስልኩን ለሁላችን እንዲሰማ አደረገው።

«ሰዓቱን ማን ያየዋል እትየ? ይርጋን ይልቀቁት፣ ይጨርስ።»

«እኔ አይቼዋለሁ» አልኳቸው። «አይቼም ቀኑን ሙሉ እህል አልቀመስኩም።»

«እንግዲህ እስከ ማታ ነው» ብለው ዘጉት።

መጀመሪያ እንዳለ ይቆይ ልል ነበር። በእጇ የሞላችው ሰዓት ነው። ግን አዲሱን የሚያነበው የማያውቃት ሰው ነው። «ሌሊቱን ሙሉ ስትሠራ ነው የሞተችው» ይላል፤ እዚያ ቆሜ የማስረዳው እኔ አይደለሁም። የድሮው እንደሆነ እዚሁ ቤት ነው ያለው፣ አልተነካም።

«ጨምርበት» አልኩት።

ምሳ አልበላም ብሎ ሠራ። አሥር ሰዓት ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ሲል ሁለታችንም ተነስተን ቆምን። አልጠፋም። ፀሐይ ስትጠልቅ አለቀ። የድሮውንና አዲሱን ጎን ለጎን አድርጎ አስተያየው፤ አንድም አልጎደለ። በያንዳንዱ ላይ ስሟ ከነአባቷ አለ። የሜዳዋን ጽሑፍ ፈልጎ አሳየኝ፤ ጠዋት ሦስት ተኩል ሆናለች።

እራቴን በላሁ።


ቅዳሜ፣ ጥቅምት 15

ይርጋ ዩኒየኑ ቢሮ ሄዶ አስረከበ። አቶ መላኩ ምን እንዳሉ ጠየቅሁት። «ጥሩ ብለዋል» አለኝ። ከዚያ በላይ ምን ይበሉ።

አልጣሽ ጨውዋን መለሰች። እህቴ ደውላ ስለ ሙት ዓመቷ ተነጋገርን፤ የሚመጣው ወር ነው። ድንኳን አያስፈልግም ተባባልን። ሌላ ወሬ የለም። ከሰዓት በኋላ ረጅም ሰዓት ተኛሁ።


ሰኞ፣ ጥቅምት 17

ቀድሞ የታጨደ ሩዝ መጋዘን መግባት ጀምሯል። በመንገዱ ጋሪው በዝቷል።

ረፋዱ ላይ ይርጋ ደወለ። ድምፁ ፈራ ተባ ይላል። አዲሱ ሚዛን እርጥበቱን ራሱ ይለካል፤ ስለዚህ የሻረግ የሠራችው የእርጥብ ሩዝ ቅናሽ መነሳት አለበት። «ሌላ ሰው ሳይነግርዎ እኔው ልንገርዎ ብዬ ነው» አለ።

«ልታጠፋው ነው?»

«አይጠፋም እትየ። የሷ ከነስሟ ከሥር ይቀመጣል። የእኔ ከላዩ ይገባል። ማንም ፈልጎ ሊያየው ይችላል።»

አዛውንቱ የሳቁባት ቅናሽ ነው። ስልኩን እንደያዝኩ በመስኮት አየሁ፤ አንድ ጋሪ ጆንያ ጭኖ ያልፋል።

«ሥራ ነው፣ ቀይረው» አልኩት።

ከሰዓት በኋላ ፎቶ ላከልኝ። አልጣሽ ስልኩን ይዛ አጎላችልኝ። ከላይ የይርጋ ስም አለ፣ ሥሩ ምን እንደቀየረና ለምን እንደሆነ በአማርኛ ተጽፏል። ከሱ ቀጥሎ የሻረግ። ከዚያ የሻረግ፣ የሻረግ፣ እስከ ታች።

«ወረደች» አለች አልጣሽ፤ አለችና ደግሞ ደነገጠች።

ፎቶውን ቆይቼ አየሁት። ካረፈች ወዲህ እስከ ዛሬ ጠዋት ከላይ የነበረው የሷ ነበር። አሁን ሁለተኛ ላይ ናት። ቅር ብሎኝ እንደሆነ ራሴን ጠየቅሁ፤ ቁርጡን አላወቅሁም። ይርጋ በዚህ ሳምንት ብዙ የሚስተካከል አለ ብሏል። ነገም አንድ ትወርዳለች፣ ከነገ ወዲያም። ይሁን፤ ትውረድ።