ለዕቃ ግምጃ ቤት ሥራ ሙሉ ልብስ

ይድረስ ለእህቴ ለእትዬ ኡራኒያ፤ ሜልቦርን።

እንደምን ሰነበትሽ? ባልሽስ፣ ልጆችሽስ እንደምን አሉ? ጉልበትሽ ተሻለሽ ወይ? ሐኪሙ ደረጃ አትውጪ ብሎሻል ሲሉ ሰምቼ ሐሳብ ገብቶኝ ነበር። በእናንተ በኩል አሁን ሙቀቱ እየገባ ይሆናል፤ እዚህ ዝናቡ ጀምሯል፣ ተራራውም ጉም ለብሷል። እኔም፣ ፎቲኒም፣ ልጃችን ዛፊሮም ደህና ነን። አንቺን መናፈቁን ግን ይኸው በዚህ ሁሉ ዓመት አልለመድነውም።

ፋብሪካው መዘጋቱን ባለፈው ጽፌልሻለሁ። ሠላሳ ስድስት ዓመት የሽቦ ጥቅል ስመዝን ኖሬ፣ ሚዛኑን አስረክቤ ወጣሁ። ከዚያ ወዲህ በስልክ ስትጠይቂኝ "ደህና ነው፣ እየፈለግኩ ነው" እያልኩ ያለፍኩሽ ነገሩ ለመናገር ስላልመቸኝ ነው። አሁን መልክ ስለያዘ ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

እንደምታውቂው እኔ በዕድሜዬ ሥራ ጠይቄ አላውቅም። ፋብሪካ የገባሁት የክርስትና አባቴ እጄን ይዞ ወስዶ "ይሄ ልጅ የኔ ነው" ብሎ አስረክቦኝ ነው። ምን ታውቃለህ ያለኝ ሰው አልነበረም። በሃምሳ አራት ዓመቴ ቃለ መጠይቅ የሚባለውን የማውቀው በቴሌቪዥን ብቻ ነበር።

የዛሬ ሁለት ወር ገደማ ዛፊሮ አንድ ማስታወቂያ አገኘች። ባሕሩ ዳር ያለ አንድ ሆቴል የዕቃ ግምጃ ቤት ሠራተኛ ይፈልጋል። ማመልከቻውን እሷው ጽፋ ላከችልኝ፤ ማክሰኞ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ና ተባልኩ። እኔም ከቁም ሳጥኑ ውስጥ በእናታችን ቀብር ጊዜ የለበስኩትን ጥቁር ሙሉ ልብስ አወጣሁ። ዛፊሮ አየችና፣ "አባዬ፣ ይሄንን ልትለብስ ነው እንዴ? የምትሠራው እኮ ስቶር ውስጥ ነው። ንጹሕ ሸሚዝና የተተኮሰ ሱሪ ይበቃሃል" አለችኝ። "አክብረው ጠርተውኛል፣ አክብሬ እሄዳለሁ" አልኳት። ፎቲኒ ከወጥ ቤት ሆና፣ "ተይው ልጄ፣ ሙሽራ መሆን አምሮት ነው!" አለች። ክራቫቱን ያሰረችልኝ ግን እሷው ናት።

ሆቴሉ ስደርስ እንግዳ መቀበያው ላይ የነበረችው ልጅ ገና ከበሩ ስታየኝ ብድግ አለች። "የአራት ሰዓት ቀጠሮ አለኝ" ስላት ስልክ አነሳች። ወዲያው ሥራ አስኪያጁ የኮቱን ቁልፍ እየቆለፈ በሩጫ መጣና በሁለት እጁ ጨበጠኝ። "እንኳን ደህና መጡ! መንገዱ እንዴት ነበር?" አለኝ። ከቤቴ እስከዚያ በእግር ሃያ ደቂቃ ነው፤ "ጥሩ ነበር" አልኩት። የብርቱካን ጭማቂ በብስኩት ቀረበልኝ። ሥራ ጠያቂ እንዲህ የሚከበር ከሆነ እስከ ዛሬ ምን አስፈራኝ አልኩ በልቤ።

"ከየት እንጀምር?" ሲለኝ፣ "ከግምጃ ቤቱ" አልኩት። ገረመው። "ብዙዎቹ ከመኝታ ክፍሎቹ ነው የሚጀምሩት" አለ። እኔ ፈተናው ይሄ መሰለኝ። ገብቼ ያየሁትን ሁሉ አንድ በአንድ ነገርኩት። የዱቄቱ ጆንያ እርጥብ ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። የዘይቱን ቆርቆሮዎች በመስኮቱ በኩል ፀሐይ ይመታቸዋል። ሚዛኑ ምንም ሳይጫንበት ሁለት መቶ ግራም ያሳያል። ሰውዬው ላቡን እየጠረገ ይጽፋል፤ "ዛሬውኑ ይስተካከላል ጌታዬ፣ ዛሬውኑ" ይለኛል። ሠራተኞቹ በሩ ላይ ተደርድረው ቆመዋል። እውነቱን ልንገርሽ እትዬ፣ ደስ ብሎኝ ነበር። በፋብሪካው ሠላሳ ስድስት ዓመት ስኖር እኔ ስናገር የጻፈ ሰው አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ጠጋ አለኝና ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እንግዲህ ስለኛ ምን ብለው ሊጽፉ ነው?" አለኝ። "ማመልከቻውን እኮ ልጄ ጽፋ ልካዋለች" አልኩት። "የምን ማመልከቻ?" አለ። "የሥራውን ነዋ! ስታማቲስ እባላለሁ፤ ለግምጃ ቤቱ ሥራ ነው የመጣሁት" አልኩት።

ለካ በዚያው ሰዓት ከአቴንስ የሚመጣ የሆቴሎች ደረጃ መዳቢ ይጠብቁ ኖሯል። የሥራ አስኪያጁ ፊት በርበሬ መሰለ። "ስማ አንተ!" አለኝ፤ እርስዎ ማለቱን እዚያው ጣለው። "ልትቀልድብን ነው እንዲህ ተሽሞንሙነህ የመጣኸው? ጆንያ ለመሸከም ክራቫት ይታሰራል?" በሩ ላይ የቆሙት ሳቁ። አንዱ ወጥ ሠሪማ፣ "ጌታዬ፣ መኪናዎን የት አቆሙት?" አለኝ። ፊቴን አዙሬ ወጣሁ።

የባሕሩን ዳር ይዤ እስከ ወደቡ ሄድኩና አንድ አግዳሚ ላይ ተቀምጬ ክራቫቱን ፈታሁ። የከፋኝ ሥራው መቅረቱ አልነበረም። የተናገርኩት ሁሉ ልክ ነበር፤ ሚዛኑም ሁለት መቶ ግራም ይዋሽ ነበር። ማንነቴን ሲያውቁ ግን የተጻፈበትን ወረቀት ሰውዬው ጨምድዶ ኪሱ ከተተው። ለፎቲኒ "ሌላ ሰው ቀጥረዋል" አልኳት። ዛፊሮን ግን አልዋሸኋትም። ስነግራት መጀመሪያ ሆዷን ይዛ ሳቀች። ከዚያ ግን፣ "ስለ መኪናው የተናገረህ የትኛው ነው?" አለችኝ። አልነገርኳትም። ብነግራት ሄዳ ታዋርደው ነበር።

ሁለተኛው ጥሪ የመጣው ባለፈው ወር ከተራራው ላይ፣ ከአንድ መንደር የፖም አምራቾች ማኅበር ነው። ሚዛን የሚይዝ ሰው ፈልገዋል። ይህን ጊዜ ዛፊሮ ነገሩን ራሷ ያዘችው። "አስቀድመህ ሄደህ ሰዎቹ ምን እንደሚለብሱ እይ። ከነሱ ትንሽ ብቻ ከፍ ብለህ ልበስ፤ ከበዛ ወይ ይፈሩሃል ወይ ይስቁብሃል" አለችኝ። እኔም በዋዜማው በአውቶቡስ ወጥቼ ከማኅበሩ በር ፊት ለፊት አንድ ዛፍ ሥር ቆምኩ። የሚገባው የሚወጣው ሁሉ ቱታና ሹራብ ለብሷል። ሊቀ መንበሯ ኤቭዶክሲያ፣ ስድሳ ዓመት የሚሆናት ሴት፣ የጎማ ቦት ጫማ አድርጋ ነው ግቢውን የምትዞረው። በማግስቱ ግራጫ ሱሪ፣ የተተኮሰ ሰማያዊ ሸሚዝና ጥቁር ሹራብ ለበስኩ፤ ጫማዬን ቀለም ቀባሁ። ፎቲኒ የሹራቡን ክርን ጠቅማልኝ "አሁን ሰው መሰልክ" አለች።

ኤቭዶክሲያ ከላይ እስከ ታች አየችኝና፣ "ትናንት ዛፉ ሥር ተገትረህ የነበርከው አንተ ነህ እንዴ?" አለችኝ። መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ በወደድኩ። "አዎ፣ ምን እንደምትለብሱ ለማየት ነው" አልኳት። "ሌባ መስለኸን ፖሊስ ልንጠራብህ ነበር እኮ!" ብላ ከት ብላ ሳቀች። ከዚያ ወደ ሚዛኑ ወሰደችኝ። ትንሽ ያዘነብል ነበርና አስተካክዬ አሳየኋት። ስለ ልብሴ ሌላ ነገር አልተናገረችም። ሰኞ ጀምር ተባልኩ።

ሥራው ክፍት የሆነው ፓናጎስ የሚባለው የቀድሞው መዛኝ በልብ ሕመም ስለሞተ ነው። ባለፈው ሰኞ ስገባ የታጠበ ሰማያዊ የሥራ ጋዋን ሰጡኝ። የደረት ኪሱ ላይ በነጭ ክር የሟቹ ስም ተጠልፏል። ቤት ይዤው ስገባ ፎቲኒ ስሙን ልትፈታው መቀስ አነሳች፤ "ቆይ" አልኳት። የሟቹ ሚስት አስፓሲያ እዚያው ፖም ትለቅማለች። ከራስ እስከ እግሯ ጥቁር ለብሳ ነው የምትሠራው፤ ጠዋት ጠዋት በፊቷ ነው የማልፈው።

በማግስቱ ጋዋኑን በክንዴ ይዤ ሄድኩና፣ "እህቴ፣ ይሄን ስም ላስፈታው ወይስ እንዳለ ይሁን? አንቺ እንዳልሽ" አልኳት። እጇን ከፖሙ ሳታነሳ ጥልፉን አየችው። "የጠለፍኩት እኔ ነኝ" አለች በኋላ። "አርባው የሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ ነው። እስከዚያ ተወው። ከዚያ አምጣውና እኔው እፈታዋለሁ፤ ያንተንም እጠልፍልሃለሁ።"

እሷ ባለችበት ጋዋኑን ለበስኩት። ከሩቅ የሚመጡት የጭነት መኪና ነጂዎች ደረቴን አንብበው፣ "ፓናጎስ! ና መዝንልን!" ይሉኛል። እኔም አቤት እላለሁ።

ለባልሽ ለግሪጎሪስ እጅ ነስቻለሁ በይልኝ። ካሊዮፒንና ስፒሮስን ጉንጫቸውን ሳሚልኝ። አማትሽንም ምርቃታቸው አይለየን በያቸው። ፎቲኒ ለጉልበትሽ የሚሆን የሱፍ መጠቅለያ እየሠራችልሽ ነው፤ ዛፊሮም በጣም ናፍቃሻለች።

ወንድምሽ ስታማቲስ
ቮሎስ፣ ኖቬምበር 9 ቀን 2014